ከባቡር እስከ ልባሽ ጨርቅ፦ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሴቶች አለባበስ ታሪክ

ልብስ ከብርድና ከፀሐይ መከለያ ብቻ ሆኖ የኖረበት ዘመን የለም። የአንድ ኅብረተሰብ የምርት ደረጃ፣ የንግድ ግንኙነት፣ የመደብ አቋምና የውበት ስሜት በአንድነት ተፈትለውና ተሸምነው የሚታዩበት ሰነድ ነው። ነገር ግን ይህ ሰነድ ከብራናና ከድንጋይ ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ብል ይበላዋል፤ ፀሐይ ያነጣዋል፤ ሲያልቅም ተቀዶ መወልወያ ይሆናል። በመሆኑም የልብስ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከተረፈው ነው፤ የተረፈው ደግሞ የባለጸጋው ነው።

የጥንት ልብስ ሲባል ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የነገሥታቱ ካባ፣ የመኳንንቱ ለምድ፣ የካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የየብሔረሰቡ የበዓል ልብስ ይጠቀሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን እምብዛም ያልተነሣ አንድ ክፍል አለ። ይኸውም ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በአነስተኛ ከተሞች የኖሩ ሴቶች ከባለሱቅ ጨርቅ ገዝተው፣ በሰፈር ልብስ ሰፊ አሰፍተው የለበሱት ቀሚስ፣ ጉርድና ሸሚዝ፣ ከሥሩም የደረቡት የውስጥ ልብስ ነው። ይህ ልብስ «ባህላዊ» አይደለም እየተባለ ከሙዚየም፣ «ያረጀ» ነው እየተባለ ከቤት ሲወጣ ኖሯል። የጭሮ፣ የሚኤሶ፣ የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ ከተሞች የሴቶች ታሪክ ትልቁ ክፍል ያለው ግን በእርሱ ውስጥ ነው።

አቡጀዲድ ከመምጣቱ በፊትና በኋላ

የጨርጨር ደጋ የኢቱ ኦሮሞ ጥንታዊ መኖሪያ ነው። በበዴሳ አቅራቢያ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የገዳ ሥርዓት ሸንጎ ከሚቀመጥባቸው ታላላቅ ስፍራዎች አንዱ እንደ ነበረ ይታወቃል። የፋብሪካ ጨርቅ ከመስፋፋቱ በፊት በዚህ ምድር የተለፋ ቆዳ የሴቶች ዋና ልብስ ነበር። ቆዳውን ማልፋት፣ በቅባት ማለስለስና በጨሌ ማስጌጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

በምሥራቅ በኩል የምትገኘው የሐረር ከተማ ግን የጥጥ አገር ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ የሴቶቹን አለባበስ ሲገልጽ፣ በኒል የጠቆረ ወይም ቡናማ መልክ ያለው፣ ከትከሻው ላይ ቀይ የሦስት ማዕዘን ጨርቅ የገባበት ሰፊ ቀሚስ መሆኑን ጽፏል። ይህ ልብስ በመሠረቱ ሳይለወጥ እስከ ቅርብ ዘመን ደርሷል። ግራና ቀኙ ሁለቱም የሚለበስ ሆኖ፣ ጥቁሩ ገጽ ለአዘቦትና ለሐዘን፣ ደማቁ ገጽ ለደስታ ይውላል። ከሥሩ የሚጠለቀው ሱሪ ከላይ ሰፊ፣ ከባት በታች ጠባብ ሲሆን ጫፉ በጥልፍ ይዋባል። ያገባች ሴት ፀጉሯን የምትሸፍንበት ጉፍታም ከዚሁ የምሥራቅ አለባበስ ጋር ተያይዞ ከሐረሪዋ አልፎ በኦሮሞዋ ሴት ዘንድ ሥር ሰድዷል።

ለውጡን ያመጣው አቡጀዲድ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች የተሠራው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በዛንዚባርና በኤደን በኩል ዞሮ በግመል ጀርባ ወደ ሐረር ይገባ ነበር። የጣቃው ዋጋ በየገበያው የታወቀ ስለ ነበር በብዙ ቦታ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ይህ ንግድ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ለመረዳት አንድ ታሪካዊ ድርጊት ማስታወስ ይበቃል። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩን ወደዚህ ከሳቧት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ይኸው ጨርቅ ነበር።

የሐረርጌ ኦሮሞ ሴቶች የፋብሪካውን ጨርቅ ሲቀበሉ እንዳለ አልተቀበሉትም። «ሰዴታ» የሚባለው ቀሚሳቸው ስሙን ያገኘው በኦሮምኛ ስምንት ማለት ከሆነው ቃል ነው፤ ጨርቁ በስምንት ክንድ እየተለካ ይቆረጥ ነበርና። ባዕድ ፋብሪካ ያመረተው ጨርቅ በአገሬው ክንድ ተለክቶ፣ በአገሬው አሰፋፍ ተሰፍቶ፣ የአገሬው ልብስ ሆነ። ዛሬ «ጥንታዊ» ተብሎ የሚከበረው ልብስ ሳይቀር በዘመኑ የአዲስ ንግድ ውጤት እንደ ነበረ ይህ ምሳሌ ያስረዳል። ስለዚህ በባህላዊውና በዘመናዊው ልብስ መካከል የሚሰመረው መስመር ብዙዎች እንደሚያስቡት የጸና አይደለም።

ባቡርና አዲሶቹ ከተሞች

የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ የጨርጨርን ደጋ በስተደቡብ ትቶ በቆላው ሲያልፍ፣ ሚኤሶ የደጋው በር ሆነች። ቡናው ወደ ጣቢያው ወረደ፤ ጨው፣ ስኳርና ጨርቅ ደግሞ ወደ ደጋው ወጣ።

በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግዛቱን ለሌላው አርአያ በሚሆን መንገድ ለማስተዳደር ሲነሡ፣ አሰበ ተፈሪን መቀመጫ አደረጓት። በኋላ ጭሮ የተባለችው ከተማ ይህች ናት። ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የ«ፋቡላ» ደራሲ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ መሆናቸው ይታወቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ገበያና የተሽከርካሪ መንገድ በአንድ ቦታ ሲገናኙ አዲስ ዓይነት ነዋሪ ተፈጠረ፦ ጸሐፊው፣ ወታደሩ፣ መምህሩ፣ የቡና ነጋዴው፣ የየመን ዐረቡ ባለሱቅ፤ ከእነርሱም ጋር ጠጅ ጣይዋ፣ ምግብ ሻጭዋ፣ ጫት ነጋዴዋና የቤት እመቤቷ። እነዚህ ሴቶች ከየአቅጣጫው ስለ መጡ ሸማ፣ ሰዴታ፣ የሐረሪ ቀሚስና የሶማሊ ልብስ በአንድ ገበያ ተገናኙ።

በዚያው ዘመን ገበያውን የያዘው የጨርቅ ምንጭም ተለወጠ። ከ1920ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካኑን ከገበያ ገፋው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ የምሁሩን ዓይን ወደ ጃፓን ሲያዞር፣ የጨርጨር ገበያተኛ ሴት ግን ምናልባት የአገሩን ስም ከመስማቷ በፊት ጨርቁን ለብሳዋለች።

የስፌት መኪና ድምፅ

ጨርቁን ልብስ ያደረገው የስፌት መኪና ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበት ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ተብሎ የተጠራው ከዚሁ መኪና ድምፅ የተነሣ ነው። በአነስተኛዎቹም ከተሞች ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን በሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ መሥራቱ የተለመደ ነበር። ባለሱቁ ጨርቁን በክንድ ወይም በሜትር ይሸጣል፤ ገዢዋ በዚያው በረንዳ ላይ ትለካለች፤ ለገበያ ቀን ወይም ለበዓል እንዲደርስላት ትቀጥራለች። በዚህ አሠራር ልብሱ የሦስት ሰዎች ሥራ ይሆናል፤ ባለሱቁ ጨርቁን፣ ሰፊው እጁን፣ ሴቲቱም ምርጫዋን ያዋጣሉ።

የምርጫው መነሻ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣ ነበር። አንዱ ባቡሩ ነው። ሌላው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረውን በዓል ለመሳለም ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣው ምእመን በአሰበ ተፈሪና በሂርና በኩል ያልፋል። በመንገድ ዳር ቆማ መንገደኛውን የምትመለከት ሴት የዋና ከተማውን የቀሚስ ርዝመት፣ የአንገት ቅርጽና የጫማ ታኮ በዓይኗ ለክታ ታስቀራለች።

ዓለምም በዚያን ጊዜ እየተለወጠ ነበር። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ዲዮር እ.ኤ.አ. በ1947 ወገቡ የጠበበ፣ ግርጌው የሰፋ ቀሚስ ለዓለም ሲያሳይ፣ በጦርነቱ ዘመን በራሽን የተወሰነው ጨርቅ እንደ ገና በብዛት መዋል ጀመረ። ከባሕር ማዶ ሲታይ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ሽንሽን ቀሚስ ለሚያውቀው የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ ግን ወገብን ጠበብ፣ ግርጌን ሰፋ አድርጎ መስፋት እንግዳ ሙያ አልነበረም። በዚህም ምክንያት የዘመኑ የከተማ ቀሚስ የፈረንጅ ግልባጭ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከላይ ነጠላ ተጣፍቶበት፣ ራስ በናይለን ሻሽ ታስሮ፣ ከሥሩ እንደ አገሩ ልማድ ሱሪ ወይም ረዥም ጉርድ ተጨምሮበት የሚለበስ፣ የራሱ ቅንብር ያለው ልብስ ነበር።

ጨርቆቹም የዘመን ምልክት ናቸው። ፖፕሊን፣ ክሬፕ፣ ከፋይ፣ በኋላም ናይለንና ቴትሮን በየተራ መጡ። ናይለን የተሠራው በአሜሪካ ሲሆን የናይለን ካልሲ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ ቴትሮን የሚለው የፖሊስተር ስም ደግሞ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ የጃፓን የንግድ ስም ነው። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተገኘ የቴትሮን ቀሚስ ከዚያ በፊት እንዳልተሰፋ በርግጠኝነት መናገር ይቻላል። በአገር ውስጥም መሠረቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጣለው የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቡጀዲድን ከባሕር ማዶ ዕቃነት ወደ አገር ምርትነት በማሸጋገር ረገድ ታላቅ ድርሻ ነበረው።

ገበናን የሸፈነው ልብስ

ስለ ውስጥ ልብስ መጻፍ ነውር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ የአንድን ዘመን ሴት ሥራ፣ ጤናና ኢኮኖሚ ከውስጥ ልብሷ የበለጠ የሚገልጽ ነገር ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ሙታንታ፣ ካልሲ፣ ማሊያ፣ ካፖርት፣ ጓንትና ታኮ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከቀሚስ ሥር የሚለበሰው ጉርድ ጁፖን መባሉና በጫፉ ላይ የሚዞረው ጌጥ ዳንቴል መባሉ ደግሞ ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ የባቡር ኩባንያው ቋንቋ እንደ ነበረ ያስታውሷል። ሻሽ ከዐረብኛ ነው። አንዲት የሚኤሶ ሴት ጠዋት ለብሳ እስክትጨርስ የሦስት አገር ቃል ትጠራ ነበር ማለት ነው። ጡት መያዣ ግን የውጭ ስሙን ትቶ በአማርኛ ተሰይሟል። ሥራውን በግልጽ የሚናገር፣ ሐፍረትም ጌጥም የሌለበት ስም ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የውስጥ ልብስ የሚባለው ነገር ድንበር እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ልማድ የውስጥ ልብስ ፈጽሞ መታየት የለበትም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን የሐረሪ ሴት ሱሪ ከቀሚሱ ሥር ቢሆንም ጥልፉ ከቁርጭምጭሚት ላይ እንዲታይ የተሠራ ነው። ሽቲ ወይም ድሪያ በሚባለው ስስ ቀሚስ ሥር የሚለበሰው ጉርድም ጫፉ ብቅ እንዲል ሆኖ በጌጥ ይሠራል። ስለዚህ ከባቡር የወረደው ዳንቴል ያለው ጁፖን በዚህ አገር ሲደርስ ፍጹም እንግዳ አልነበረም፤ ከውስጥ ተለብሶ ጫፉ የሚያምር ልብስ ቀድሞም ይታወቅ ነበርና። በትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ጥልፍና ዳንቴል ለልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ይመጣ የነበረው ጌጥ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሆነ።

በሦስተኛ ደረጃ መቀነት አለ። መቀነት ወገብን አጥብቆ ሸክምን ያቀላል፤ ከወሊድ በኋላ ሆድንና ወገብን ይደግፋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገንዘብ መያዣ ነው። ጫትና ቡና፣ ቅቤና እህል ስትሸጥ የምትውል ሴት ገንዘቧን የምትቋጥረው በመቀነቷ ጫፍ ነው። «መቀነቷን ፈትታ ሰጠች» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ኑሮ ነው። ባንክ ባልነበረበት፣ ቢኖርም ለገበያተኛ ሴት ደጁ ሩቅ በሆነበት ዘመን የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የዕድር መዋጮ ይወጣ የነበረው ከልብስ እጥፋት ውስጥ ነበር። ይህ ልብስ ገላን ብቻ ሳይሆን የቤትን ገበናም ሸፍኗል።

ታዲያ ከዘመኑ ልብስ ሁሉ ጠፍቶ ያለቀው ይኸው የውስጡ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከገላ ጋር ስለሚውል ቶሎ ያልቃል፤ ላስቲኩ ከጨርቁ ቀድሞ ይበጣጠሳል፤ ጨርቁ ሲሳሳ ደግሞ የሕፃን መጠቅለያ፣ የወር አበባ መያዣ፣ በመጨረሻም መወልወያ ይሆናል። ድኻ ቤት ውስጥ አንድም ጨርቅ በከንቱ አይጣልም። ስለዚህ የዚህ ልብስ መጥፋት የግዴለሽነት ሳይሆን የቁጠባ ውጤት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው ይህን ሳይገነዘብ «ምንም አልነበራቸውም» ብሎ ቢደመድም ትልቅ በደል ይፈጽማል።

የአጭር ቀሚስ ክርክር

በ1950ዎቹ መጨረሻ አጭር ቀሚስ በዓለም ሲስፋፋ፣ አለባበስ የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተዘጋጀው የልብስ ሞድ ትርዒት ከተማሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃውሞው ወደ ግጭት አመራ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ትርዒቱን የባዕድ ባህል ወረራ ምልክት አድርገው ሲያዩት፣ በትርዒቱ የተሳተፉት ልጃገረዶች በበኩላቸው ስድብና ውርወራ ደረሰባቸው። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፤ በታንዛኒያ የገዥው ፓርቲ ወጣቶች ክንፍ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1968 አጭር ቀሚስን የሚከለክል ዘመቻ ማወጁ ይታወቃል።

የዚህ ክርክር ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። ሕዝብ በተራበበት አገር የቅንጦት ትርዒት ማሳየት ተገቢ አለመሆኑ አንዱ እውነት ነው። የአገርን ክብር መለኪያ በሴት ቀሚስ ርዝመት ላይ መጣል፣ ኮትና ክራቫት ያጠለቀውን ወንድ ግን ማንም አለመጠየቁ ደግሞ ሌላው እውነት ነው። በዚያው ዓመት በጨርጨር ከተሞች የነበረችው ገበያተኛ በክርክሩ አልተሳተፈችም፤ ስለ እርሷ የተናገረም አልነበረም። እርሷ ባዕዱን ጨርቅ በአገር ክንድ መለካት ከጀመረች ግን ቢያንስ ሁለት ትውልድ አልፎ ነበር።

የዘመኑ ማብቂያና የልባሽ ጨርቅ መምጣት

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ይህ የልብስ ዘመን አከተመ። በጥር 1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ የቅንጦት ዕቃ ማስገባት ተወሰነ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ሲፈነዳ የባቡሩ መንገድ ተቋረጠ፤ ድሬዳዋም የጦርነት ግንባር ሆነች። ከጦርነት ስፍራ የሸሸው ሕዝብ «ጨርቄን ማቄን» ሳይል ወጣ። ይህ አነጋገር እንዲሁ ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ የቤተሰብ ሣጥኖች ከነታሪካቸው የቀሩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ ሲመለስ የኮንትሮባንድ ንግድም በረታ። በዚህ ንግድ ግንባር ቀደም የነበሩት ሴቶች ናቸው። ከጅቡቲና ከድሬዳዋ ተሳፍረው፣ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው፣ ጉርድ በጉርድ ላይ ጨምረው፣ ገላቸውን የዕቃ ማጓጓዣ አድርገው የጉምሩክ ኬላ ያልፉ ነበር። ለፈታሹ ሕግ መተላለፍ ነው፤ ለሴቲቱ የልጆች ቀለብ ነው። በልብስ ታሪክ ውስጥ ይህ ልዩ ምዕራፍ ነው፦ ልብሱ በአንድ ጊዜ የሚለበስም የሚሸጥም ሆነ።

ከዚያ በኋላ የገነነው ሰልባጅ ነው። ያገለገለ ልብስን ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከምሥራቁ ድንበር እየገባ በድሬዳዋ ገበያዎች በኩል ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ይዘልቃል። በዚህም አንድ አስገራሚ ተቃርኖ ተፈጠረ። በአውሮፓና በአሜሪካ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራ የሴት ልብስ፣ የውስጡ ሳይቀር፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኗል፤ መደብሮች ተከፍተውለታል፤ ሙዚየሞች ያሳዩታል። በእኛ አገር ገበያ ግን የሌላው ዓለም አሮጌ ልብስ በክምር ሲሸጥ፣ በዚያው ዘመን በአገር ሰፊ የተሰፋው የራሳችን ቀሚስ መወልወያ እየሆነ ነው።

መሰብሰብና መልበስ

በዚህ ረገድ የሚያበረታታ ሥራ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የየብሔረሰቡን አልባሳት ሰብስቧል። በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የመሠረቱት ሙዚየም ከብራናና ከሳንቲም ጋር የከተማዪቱን አልባሳት አቆይቷል። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤተሰቡ የተሰበሰቡ የቆዩ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ታትመው፣ የአያቶችን አለባበስ ለልጅ ልጆች አሳይተዋል። ፎቶግራፍ ግን የልብሱን ውጭ እንጂ ስፌቱን አያሳይም፤ ቀለሙንም በአብዛኛው አልያዘም። የሙዚየም ስብስብም በበዓል ልብስ ላይ ያዘነብላል። የአዘቦቱ፣ የከተማው፣ የውስጡ ልብስ አሁንም ሰብሳቢ ይፈልጋል።

አሮጌ ልብስ ለሚያነበው ብዙ ይናገራል። ግርጌው ተፈትቶ ከረዘመ፣ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን ወይም ልጅቷ በውስጡ ማደጓን ያመለክታል። የብረት ዚፕ ከፕላስቲኩ ይቀድማል። የእጅ ስፌትና የመኪና ስፌት በአንድ ልብስ ላይ ከተገናኙ፣ በረንዳ ላይ የተሰፋው ቤት ውስጥ ተጠግኗል ማለት ነው። ከብብት ሥር የተጨመረ ቁራጭ የሰውነትን ለውጥ፣ ከጉልበት ላይ ያለ መጣፊያ የሥራውን ዓይነት ይናገራል። እነዚህ ምልክቶች ሲታጠቡና ሲተኮሱ እንዳይጠፉ ጥንቃቄ ያሻል። የቆየ ጨርቅ በረኪና አይነካውም፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ በፌስታል አይታሸግም፤ በመርፌ ቁልፍ አይያዝም። በታጠበ ነጭ አቡጀዲድ ተጠቅልሎ በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መልበስ ነው። ወጣት ሴቶች የአያቶቻቸውን ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ለሠርግና ለፎቶግራፍ ሲለብሱት፣ ልብሱ እንደ ገና ሕይወት ያገኛል። ልብስ የተሠራው ለሚንቀሳቀስ ገላ በመሆኑ በመስቀያ ላይ የተንጠለጠለው ሙሉ ትርጉሙን አይሰጥም። ሆኖም አንድ ቀን የሚያስደስተው አለባበስ የሃምሳና የስድሳ ዓመት ክርን ሊበጥስ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ከአገር ልብስ ሰፊዎች እጅ አይርቅም፦ ዋናውን ልብስ ለክቶ፣ ቅዱን በወረቀት አንሥቶ፣ በአዲስ ጨርቅ መስፋት። እንዲህ ሲሆን ዋናው ለታሪክ፣ ግልባጩ ለገላ ይተርፋል፤ የቀድሞው የስፌት ሙያም ከሟች ሰፊዎች ጋር ከመቀበር ይድናል።

የውስጥ ልብስን በሚመለከት ግን ሌላ ጨዋነት ያስፈልጋል። የአንዲት እናት ገበና ያለ ፈቃዷ ለዐደባባይ አይወጣም። ልብሱን መስጠት የማትፈልግ ባለቤት፣ ከምን ጨርቅ፣ ማን ሰፍቶት፣ በስንት ገዝታ፣ መቼ ትለብሰው እንደ ነበረ በቃል ብትናገር ወይም ቅርጹ በሥዕል ቢነሣ በቂ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅም ሴት ጠያቂ፣ ሰፊ ጊዜና የቡና ሥርዓት ይመረጣል።

ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። መምህሩ ለተማሪዎቹ አያቶቻቸውን ጠይቀው የአንድ ልብስ ታሪክ ጽፈው እንዲያመጡ ቢያዝዝ፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ የአንድ ከተማ ማኅደር ይሰበሰባል። በጭሮ የሚገኘው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ለእንዲህ ያለ ስብስብ ማረፊያ ሊሆኑ ይችላሉ። ለተውኔትና ለፊልም ባለሙያውም ጥቅሙ ቀጥተኛ ነው፤ የ1950ዎቹን የከተማ ሴት በነጭ ቀሚስ ብቻ ማሳየት ታሪኳን ማሳጠር ነውና። ሠዓሊውም ቀለሙን ከግምት ሳይሆን ከክሩ ያገኛል።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ቀድሞው ሁሉ በሚኤሶ ያልፋል። የቀድሞውን ባቡር ጣቢያዎች፣ ድልድዮችና ሐዲዶች በቅርስነት ስለ መጠበቅ ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሆኖም ያ ባቡር ያመላለሰው ጨርቅ፣ ጨርቁን የለበሱት ሴቶችና በመቀነታቸው የቋጠሩት ጥሪት የዚሁ ቅርስ እኩል ክፍል ናቸው። ብረት ጊዜ ይሰጣል፤ ጨርቅ ግን አይሰጥም። የዚያን ዘመን ልብስ የለበሱ እናቶች በሕይወት እያሉ ሣጥናቸው ቢከፈት የሚገኘው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ጨርቁን የሚያነብ ምስክርም አብሮ ይገኛል።